ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ

ኃይለኪሮስ ጎሮ ቁልቁለት ላይ አንገቱ ተሰብሮ ሲሞት፣ አብዱልናስር ሩዋንዳ ሰፈር ባለችው የብስክሌት መጠገኛው ደጃፍ ተቀምጦ ከሠርግ የተረፈ ሳምቡሳ በሻይ እያጣጣመ ነበር። ጊዜው ሐምሌ 1988 ዓ.ም.፣ ቀኑ እሑድ፣ ዝናቡም ለአንድ ሰዓት ያህል ፋታ የሰጠበት ጠዋት ነው። ያቺን ሳምቡሳ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳስታወሳት የሚያውቁት እሱና አላህ ናቸው።

አንድ ፖሊስ ጭቃ የለበሰ ጫማውን እየጎተተ መጥቶ ፊቱ ቆመ።

«አብዱልናስር የምትባለው ጠጋኝ አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ኃይለኪሮስ የሚባል ልጅ ታውቃለህ?»

«እንዴት አላውቅም! ትናንት አይደል እንዴ ብስክሌቱን አስተካክዬ የሰጠሁት?»

«ሞቷል። መርማሪው ይፈልግሃል፤ ተነሥ።»

በዚያን ጊዜ ጎሮ ማለት ሽምብራና ጤፍ የሚዘራበት ዋልካ፣ እዚህም እዚያም አዲስ ቆርቆሮ ብልጭ የሚልበት ዳርቻ ነበር። ጎሕ የሚባለው የብስክሌት ቡድን በየክረምቱ እዚያ ጭቃ ውስጥ ይሽቀዳደማል። አብዱልናስር ሲደርስ አስከሬኑ አቡጀዲ ለብሷል። የኃይለኪሮስ እኅት አስመረት አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ጭቃ የነካው እጇን ታያለች። ቀይዋ ብስክሌት አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ወድቃለች።

ብስክሌቷን አትላስ አካባቢ ይኖር የነበረ አንድ ፈረንጅ ነው አገሩ ሲገባ ለቡድኑ ትቷት የሄደው። በጭቃና በሣር ለመሽቀዳደም የተሠራች ናት፤ መሪዋ እንደ አስፋልት ብስክሌት የተቆለመመ፣ ጎማዋ ግን ጥርሳም። አሠልጣኙ ጋሽ ሐጎስ ለኃይለኪሮስ ሲሰጧት፣ ሌላው ፈጣን ልጅ ገብረኣብ ለሁለት ሳምንት ሰላምታ ነስቷቸው እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

መርማሪ ወልደጻድቅ አጭር፣ ደልደል ያለ፣ ኪሱ ቆሎ የማያጣ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። አብዱልናስርን ከእግር እስከ ራሱ ካየው በኋላ ቆሎ ዘገነለት። አብዱልናስር አልተቀበለም።

«እኔ ከበቅሎና ከላዳ ሌላ የተሳፈርኩበት ነገር የለም» አለ ወልደጻድቅ። «ስለዚህ አስተምረኝ። ይህ ፍሬን እንዴት ነው የሚሠራው?»

አብዱልናስር ተንበረከከ። እያንዳንዱን ክፍል በጣቱ እየነካ ያስረዳ ጀመር።

«የተራ ብስክሌት ፍሬን አይደለም፣ ጌታዬ። ጎማውን የያዘው ሹካ ግራና ቀኙ ላይ ሁለት ክንዶች አሉት። ይቺ ካቦ የምንላት አጭር የሽቦ ገመድ በጎማው አናት ተሻግራ ሁለቱን ክንዶች ታያይዛለች፤ ድልድይ በሏት። ከመሪው የሚወርደው ረጅሙ ካቦ ደግሞ ድልድዩን መሐሉ ላይ ይዞ ወደ ላይ ይስባል። ሲስብ ክንዶቹ ቸርኬውን ግጥም አድርገው ይይዙታል።»

«ረጅሙ ካቦ ድልድዩን በምን ያዘው?»

«በዚች ሦስት ማዕዘን ብረት። ካቦው እዚች ቦይ ውስጥ ይተኛል፣ ይቺ ቀለበት፣ ሮንዴላዋ፣ ትጫነዋለች፣ ዳዶው ይጠብቃል።»

«አሁን ግን ቦዩ ውስጥ የለም።»

«የለም። ሾልኳል።»

«ሲሾልክ ምን ይሆናል?»

«ድልድዩ ጎማው ላይ ይወድቃል። የጎማው ጥርስ ካቦዋን ነክሶ ይጎትታታል። የፊት ጎማዋ ባለችበት ቀጥ ትላለች።»

«ልጁስ?»

«ልጁ አይቆምም፣ ጌታዬ።»

ወልደጻድቅ ቆሎውን ማኘክ አቆመ። ጎንበስ ብሎ የሹካውን አናት በጣቱ ዳሰሰና፣ ቀና ሳይል ጠየቀ፤ «ከዚች ብስክሌት ላይ የጎደለ ነገር አለ?»

«ምንም» አለ አብዱልናስር።

ዋሸ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እሱ ራሱ ደነገጠ፤ ወሎ ላይ ያሳደጉት አባቱ በሐሰት ምላስ ጨው እንኳ አይሸጡም ነበር። የጎደለው ነገር እጣት የምታክል ቆልማማ ብረት ናት። ሹካው አናት ላይ ትታሰርና የፊት አንጸባራቂውን ትይዛለች። ግን ሌላም ሥራ አላት፤ በድልድዩና በጎማው መካከል ስለምትቆም ድልድዩ ቢወድቅ እሷ ትቀልበዋለች፣ ጎማው ጋ አይደርስም። ይህን የሚያውቅ ጠጋኝ ሸገር ውስጥ ብዙ የለም። አብዱልናስር ያውቃል።

ታዲያ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ኃይለኪሮስ ለውድድሩ ወፍራም ጎማና አዲስ የፍሬን ካቦ አስገጠመ። የሹካው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ብረቷ የጎማውን ጥርስ ትፍቅ ጀመር። ጫፏን በሞረድ ማሳጠር ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ግን አትላስ የዘመዱ የሱፍያን ሠርግ ነበር፣ አብዱልናስርም እጁን ታጥቦ ንጹህ ሸሚዝ ለብሷል። ብረቷን ፈታትና መሳቢያው ውስጥ ጣላት። «ለአንድ ቀን ምን ይሆናል? ሰኞ አስተካክልልሃለሁ» አለው። ልጁም «እሺ አብዱ፣ አንተ ካልክ» ብሎ ሄደ።

አሁን ልጁ አቡጀዲ ለብሶ ተኝቷል።

ወልደጻድቅ ገብረኣብን አስጠራው። ገብረኣብ የዕለቱን ውድድር አሸንፎ ያገኘውን ዋንጫ የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት በጃኬቱ ሥር ሸሽጎታል።

«ኃይለኪሮስ ሲወድቅ የት ነበርክ?»

«ኋላው።»

«ምን አደረግህ?»

«አለፍኩት።»

«ሳትቆም?»

«የሚነሣ መስሎኝ ነበር» አለ ገብረኣብ፣ መሬት መሬት እያየ። «ወላዲተ አምላክን፣ የሚነሣ መስሎኝ ነበር።»

«ውድድሩ ሳይጀመር ካደረጋችሁት የልምምድ ዙር በኋላ ብስክሌቷን ማን ነካት?»

«ማንም። መነሻው ላይ ቆማ ነበር። ሁላችንም እናያት ነበር።»

በማግሥቱ ወልደጻድቅ በላንድሮቨር መጥቶ አብዱልናስርን ከሱቁ ወሰደው። «እኔ ስጠይቅ አንተ ቁልፍና ቡሎኑን ታስረዳኛለህ» አለው። አብዱልናስር ይህ እምነት ይሁን ወጥመድ አልገባውም። ሰፈሩ ግን ፍርዱን ጨርሷል። ጠዋት አንድ ደንበኛ ለማስጠገን የሰጠውን ብስክሌት ሳይጠገን መልሶ ወስዷል፤ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ «የልጅ አስከሬን ያለበት እጅ» ሲል ሰምቶታል። ዘሃራ፣ ሚስቱ፣ በበኩሏ መሳቢያውን ስታጸዳ ቆልማማዋን ብረት አግኝታ «ይቺ ምንድን ናት?» ስትለው ነጥቋት ኪሱ ከተታት። በሰባት ዓመት ትዳር ከእጇ ነገር ሲነጥቃት የመጀመሪያው ነበር።

አስመረት ለቅሶ ቤት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣለች። ጉንጯ በእንባ ብዛት ተሰነጣጥቋል። አብዱልናስርን ስታይ ፊቷን አዞረች።

«ከልምምዱ በኋላ ብስክሌቷ አጠገብ ማን ነበር?» ሲል ጠየቃት ወልደጻድቅ።

«እኔ ነበርኩ። ቁጥሩን ጀርባው ላይ በመርፌ ቁልፍ የሰካሁለት እኔ ነኝ። ብስክሌቷ ከጎናችን ነበረች።»

«ሰው ነክቷታል?»

«ማንም አልነካትም። ጋሽ ሐጎስ መረቁት፣ ከዚያ ፊሽካ ተነፋ፣ ሄደ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ብቻ… ‘ፍሬኑ ትንሽ ይርቃል’ ሲል ሰምቼዋለሁ። ለማን እንዳለ አላውቅም፤ እኔ መርፌ ቁልፉ ላይ ነበርኩ።»

ወልደጻድቅ ይህን ጻፈ። ‘ፍሬኑ ይርቃል’ ማለት ሲጨብጡት ቶሎ አይዝም ማለት እንደሆነ አብዱልናስር ያውቃል። አዲስ ካቦ በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ይለቃል፤ ሜዳ ድረስ ሄዶ እንደገና ማጥበቅ ነበረበት። እሱ ሳምቡሳ ይበላ ነበር።

ጋሽ ሐጎስ ከሩዋንዳ ጀርባ፣ ጽጌረዳ ባለበት ግቢ ብቻቸውን ይኖራሉ። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ በወጣትነታቸው መቀሌንና አሥመራን ያንቀጠቀጡ የብስክሌት ጋላቢ ነበሩ ይባላል። አንገታቸው ላይ ከማዕተባቸው ጋር አንድ ዘጠኝ ቁጥር የዳዶ መፍቻ ቁልፍ ያንጠለጥላሉ። ብረቱ ከመታሸት ብዛት እንደ ብር ያበራል።

አብዱልናስር ቀድሞ ገባና በሩ ላይ ቆመ።

«ገብረኣብ ነህ?» አሉ ሽማግሌው።

«አብዱ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እ… ከፀሐይ ነው የመጣኸው፣ ጥላ ሆነህብኝ። ግባ።»

የዚያን ቀን ፀሐይ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አብዱልናስር ግን ሐዘን ያዞራቸው መሰለው። ተከትሎት የገባው ወልደጻድቅ ከኪሱ አንድ ፎቶግራፍ አውጥቶ በእጃቸው አስያዛቸው። አብዱልናስር ከበሩ ሆኖ የሚያየው ጀርባውን ብቻ ነበር።

«የወደቀበት ቦታ ነው፣ ጋሽ ሐጎስ። የሚያስታውሱት ካለ ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ጥቂት ትክ ብለው አዩትና መለሱለት። «ውሰድልኝ፣ ልጄ። ልቤ አይችልም። ይህን ጭቃ ዳግመኛ እንዳላይ።»

«ብስክሌቷን ከልምምድ በኋላ ማን ነካት?»

«ጠጋኙ ነው ሁሉንም የሚሠራው» አሉ ጋሽ ሐጎስ ቀስ ብለው። «ሌላ ማን ይነካታል?»

አብዱልናስር ፊቱ ጋለ። የአብዬን ወደ እምዬ ነው ብሎ መጮህ አማረው፤ ኪሱ ውስጥ ያለችው ብረት ግን አፉን ዘጋችው። ሌባ ሌላውን ሌባ ብሎ የሚጮኸው በምን አፉ ነው? ሲወጡም ወልደጻድቅ «ገብረኣብ ብስክሌቷን ይመኛት ነበር አይደል?» ብሎ ሲጠይቀው «አዎ፣ በጣም» አለ። እንዲህ ሲል ትንሽ ቀለል አለው። ቀለል ስላለውም በራሱ አፈረ።

ረቡዕ፣ ሣልስቱ ከወጣ በኋላ፣ ወልደጻድቅ ሁሉንም በአብዱልናስር ሱቅ ሰበሰባቸው። አስመረት በጥቁር ልብሷ በርጩማው ላይ፣ ጋሽ ሐጎስ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ገብረኣብ በሩ ጋ። ቀይዋ ብስክሌት መሐላቸው ቆማለች። ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«አልቆይባችሁም» አለ ወልደጻድቅ። «መጀመሪያ ካቦው። አልተበጠሰም፣ ሾልኳል። ጫፉ ላይ ሁለት ምልክት አለ። አንደኛው ተደፍጥጦ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ ካቦው ቦዩ ውስጥ በደንብ ተኝቶ ሲጠብቅ እንዲህ ይሆናል። የአብዱልናስር ሥራ ነው። ከዚያ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ሌላ ምልክት አለ፤ ይህኛው ባንድ ጎኑ ብቻ ተፍቋል። እዚህ ላይ ካቦው ከቦዩ ወጥቶ ነበር፤ የያዘው የሮንዴላው ጠርዝ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ዳዶውን ፈትቶ፣ ካቦውን ሁለት ጣት ስቦ፣ መልሶ አጥብቋል። ለጥ ባለው መንገድ ላይ ለልጁ ያዘለት። ቁልቁለቱ ላይ አጥብቆ ሲይዘው ሾለከ።»

«መቼ ነው የተፈታው?» አለች አስመረት።

«ሮንዴላው ሥር ዋልካ አገኘሁ። ይህ ሱቅ ሲሚንቶና ዘይት ነው፤ ብስክሌቷ ዋልካ የነካችው እሑድ ጠዋት በልምምዱ ዙር ነው። እንግዲህ ዳዶው የተፈታው ከልምምዱ በኋላ፣ ከፊሽካው በፊት፣ እዚያው መነሻው ላይ ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ገብረኣብ ዞረ።

«እኔ አይደለሁም!» አለ ልጁ፣ ድምፁ እየቀጠነ።

«አይደለህም። መግደል የፈለገ ሰው ያላላል። ይህን ዳዶ ግን ለመፍታት በሁለት እጄ ነው የታገልኩት። ያጠበቀው ሰው ልጁ እንዳይወድቅ የፈለገ ነው፤ በሙሉ ጉልበቱ የፈለገ። ብቻ ካቦው ከቦዩ መውጣቱን አላየም።» ወልደጻድቅ ቆሎ አወጣና ሳይበላ መልሶ ከተተው። «ማን ነካት ብዬ ጠየቅሁ። ‘ማንም’ አላችሁኝ። እናንተ ሁለታችሁ አልዋሻችሁኝም። ቄስ ግንባራችንን በመስቀል ሲነኩን ‘ነኩኝ’ አንልም፤ ‘ባረኩኝ’ ነው የምንለው። አስመረት፣ ጋሽ ሐጎስ ልጆቹን ሲመርቁ ምን ያደርጋሉ?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ። ያንን ቁልፋቸውን ብስክሌቷ ላይ…»

ፊቷን ወደ ጋሽ ሐጎስ አዞረች።

«አንድ ቡሎን ላይ ያሳርፉታል» ሲል ገብረኣብ ጨረሰላት፣ እንደሚያንሾካሹክ። «ለበረከት ነው፤ አይፈቱትም፣ አያጠብቁትም። የዚያን ቀን ግን ቆዩ። አይቻለሁ። ምርቃቱ ረዘመ ብዬ ነው ያሰብኩት።»

ወልደጻድቅ ከኪሱ ያችን ፎቶግራፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ነጭ የለበሰች ሕፃን፣ አክሊል የደፋች፣ በእናቷ ክንድ ላይ።

«የእኅቴ ልጅ ክርስትና ነው፣ ጋሽ ሐጎስ። ጭቃ የለበትም። እንዲህ ስላደረግሁዎ አፍሬያለሁ፤ ግን ሌላ መንገድ አጣሁ። አብዱልናስርን ገብረኣብ ሲሉት ነበር መጠርጠር የጀመርኩት።»

ሽማግሌው ቁልፉን በመዳፋቸው ጨበጡት።

«ሦስት ዓመት ሆነኝ» አሉ። «ጭጋግ ነው የማየው። ለማን ልንገር? ጋላቢውን ከድምፁና ከአነዳዱ ነው የምለየው። ልጁ ‘ጋሼ፣ ፍሬኑ ይርቃል’ አለኝ። ሐጎስ ደግሞ ፍሬን ያቅተዋል? ፈታሁት፣ ሳብኩት። ከዚያ ጣቴ ካቦውን አጣችው። ‘ና እይልኝ’ ማለት ነበረብኝ። ሃምሳ ሰው ቆሞ ያየኛል። አፈርኩ። በማየት ፈንታ አጠበቅሁት።» ፊታቸውን አብዱልናስር የቆመበት ወደመሰላቸው በኩል አዞሩ። «አንተንም አሳማሁህ፣ ልጄ።»

ማንም አላጽናናቸውም።

«ዐቃቤ ሕጉ የሚለውን ይላል» አለ ወልደጻድቅ ማስታወሻውን እያጠፈ። «አብዱልናስር፣ ብስክሌቷ ከእጅህ ስትወጣ ፍሬኗ ደኅና ነበር። ሰፈሩም ይህን ይስማ።»

አስመረት ከበርጩማዋ ተነሥታ መጣችና የአብዱልናስርን እጅ ያዘች። «አብዱ፣ ይቅር በለኝ። ድንኳን ስትመጣ ፊቴን አዞርኩብህ። አንተ ብቻ ነህ ያልበደልከው።»

ይህን ነው ያልቻለው። ስድቡን ችሎ ነበር፤ ደንበኛው ብስክሌቱን ሲወስድበትም ችሎ ነበር። ንጹህ እጇ በእጁ ላይ ሲያርፍ ግን እፍረት ያዘው። ዝም ቢል ነገ ሱቁ ይከፈታል፣ ስሙም ይነጻል፤ የሚያውቅ የለም። እጁን ከእጇ አወጣና ከኪሱ ቆልማማዋን ብረት አውጥቶ ፎቶግራፏ አጠገብ አኖራት።

«እሑድ የጎደለ ነገር አለ ወይ ብለውኝ ነበር፣ ጌታዬ። ዋሽቼዎታለሁ። ይቺ ጎድላ ነበር።»

«ምንድን ናት?» አለች አስመረት።

ነገራት። ድልድዩ ሲወድቅ እንደምትቀልበው፣ ጎማውን ትፍቅ እንደነበር፣ ሠርጉን፣ ንጹሁን ሸሚዝ፣ ‘ለአንድ ቀን ምን ይሆናል’ ያለውንም ሳይቀር ነገራት። ዓይኗን ማየት ስላልቻለ ለብረቷ ነበር የሚናገረው።

«ይቺ ብትኖር ወንድሜ ይኖር ነበር?»

«አዎ» አለ አብዱልናስር።

አስመረት ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው፤ ሳይቆም ያለፈውን፣ ሳያይ ያጠበቀውን፣ ብረቷን የፈታውን። «ሦስታችሁም ድንኳኔ ገብታችሁ አብራችሁኝ አለቀሳችሁ» አለች። ከዚያ ወደ አብዱልናስር ተመለሰች። «ብረቷን ማሳጠር ምን ያህል ጊዜ ይፈጅ ነበር?»

«ሩብ ሰዓት።»

«ግጠማት።»

«አስመረት፣ አሁን እኮ…»

«አሁን። እያየሁህ።» የወልደጻድቅን የእጅ ሰዓት አንዴ አየች።

አብዱልናስር ብረቷን ሞርሳው ላይ አሠረና ሞረዱን አነሣ። መጀመሪያ ሞረዱ አዳለጠው፤ ቀጥሎ ግን እጁ ሥራውን አወቀው። ማንም አልወጣም። ጫፏን አሳጠረ፣ ለካ፣ ደግሞ ትንሽ ሞረደ፣ ሹካው አናት ላይ አሠራት። ጎማውን በመዳፉ ገፋ። ጎማው ዞረ፤ ምንም ሳይነካ፣ ምንም ሳይፋቅ፣ እየዞረ እየዞረ ቀስ ብሎ ቆመ።

አስመረት የወልደጻድቅን የእጅ ሰዓት ዳግመኛ አየች።

«አሥራ አንድ ደቂቃ» አለች፣ ነጠላዋንም ራሷ ላይ አድርጋ ወደ ዝናቡ ወጣች።